ቅዱስ መጽሐፍን በቤተሰብ ሆኖ በእጅ መገልበጥ፦ እንዴት ቢጀመር ይዘልቃል?

የሦስት ልጆች እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔና ባለቤቴ ከልጆቻችን ጋር ሆነን ማታ ማታ ከጸሎት በፊት ቅዱስ መጽሐፍን በእጃችን ለመገልበጥ አስበናል። ሐሳቡን ያመጣው ባለቤቴ ሲሆን መነሻው በዘዳግም ምዕራፍ 17 የተጻፈው ሥርዓት ነው፤ በእስራኤል ላይ የሚነግሥ ሰው የሕጉን ግልባጭ ለራሱ እንዲጽፍ፣ ዕድሜውን ሙሉ እንዲያነበውና ልቡ በወንድሞቹ ላይ እንዳይኮራ በዚያ ታዝዟል። ስንት ጸሐፊ ያለው ንጉሥ ይህን ከታዘዘ፣ በማንበብ ብቻ የማይገኝ በመጻፍ ግን የሚገኝ ነገር አለ ማለት ነው ብሎ ያምናል፤ እኔም በዚህ አልከራከረውም።

የምንለያየው በአፈጻጸሙ ላይ ነው። እርሱ ከዘፍጥረት ተነሥተን እስከ ራእይ እንዝለቅ ይላል፤ እኔ ደግሞ አቅማችንን አይቼ እፈራለሁ። በቤታችን የ14 ዓመት ወንድ ልጅ፣ የ11 ዓመት ሴት ልጅ፣ ፊደል ለይታ ገና ዓረፍተ ነገር መጻፍ የጀመረች የ7 ዓመት ልጅ፣ እንዲሁም ዓይናቸው የደከመ ነገር ግን ብዙውን መዝሙረ ዳዊት በቃላቸው የሚያውቁ አማቴ አሉ። ትልቁ ልጄ ነገሩን ሲሰማ፣ ያጠፋ ተማሪ «ይህን 50 ጊዜ ጻፍ» ከሚባለው ቅጣት ለይቶ አላየውም፤ አፍ አውጥቶ ባይቃወምም ፊቱን አጥቁሮ ተነሥቶ ሄደ።

እንግዲህ ከየትኛው መጽሐፍ ብንጀምር ይሻላል? ሁላችንም በአንድ ደብተር ላይ እየተቀባበልን እንጻፍ ወይስ ለየራሳችን ይኑረን? ስንሳሳትስ ምን እናድርግ? በራእይ 22 ላይ በቃሉ ላይ ስለሚጨምርና ስለሚያጐድል የተነገረው ማስጠንቀቂያ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አማቴ እኛ ስንጽፍ ተቀምጠው የሚመለከቱ እንግዳ እንዲሆኑ አልፈልግም። በቤታችሁ የሞከራችሁ ወይም ነገሩን በቅርብ የምታውቁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

አባወራው፦

እኅታችን፣ የባለቤትዎን ቅንዓት አከብራለሁ፤ በዚህ ነገር ግን የእርስዎ ስጋት ሚዛን ይደፋል። ስድሳ ስድስቱን መጻሕፍት ብቻ ብንቆጥር እንኳ 1,189 ምዕራፎችና ከ31,000 በላይ ቁጥሮች አሉ። አንድ ቤተሰብ አንድም ቀን ሳያቋርጥ በየዕለቱ 20 ቁጥር ቢጽፍ ከአራት ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ ሰማንያ አሐዱን ለሚቀበል ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። መርዘሙ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። የሚከፋው፣ ቤተሰቡ ገና ዘጸአትን ሳያጋምስ «ስንት ቀረን?» ወደሚል ስሌት መግባቱ ነው፤ ያን ጊዜ እጅ ይሮጣል፣ ልብ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ዘኍልቍ ምዕራፍ 7ን ልብ ይበሉ፤ አሥራ ሁለት አለቆች በአሥራ ሁለት ቀን ያቀረቡት ተመሳሳይ መባ፣ ሳሕኑና ድስቱ ሳይቀር፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ተደግሞ በ89 ቁጥሮች ተጽፏል። የአንዱም ስጦታ «እንደ ፊተኛው» ተብሎ አለመታለፉ ለበሰለ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ለልጅዎ ግን ያው የሚፈራው ቅጣት ነው የሚሆንበት።

እኔ የምመክረው ትንቢተ ዮናስን ነው። አራት ምዕራፍ፣ 48 ቁጥር ብቻ ነው፤ ታሪክ አለው፣ ምዕራፍ 2 ላይ ጸሎት አለው፣ መጨረሻው ደግሞ መልስ ያልተሰጠው ጥያቄ ስለሆነ ደብተሩ ከተዘጋ በኋላ ቤቱን ያነጋግራል። በእጅ መገልበጥ ምን እንደሚጨምርም በዚህ መጽሐፍ ላይ በግልጽ ይታያል። ዮናስን በዓይን ያነበበ ሰው ዓሣውን ያስታውሳል፤ በእጁ የጻፈው ሰው ግን እግዚአብሔር ዓሣውን እንዳዘጋጀ ሁሉ በምዕራፍ 4 ቅሉንም፣ ቅሉን የመታውን ትልም፣ የሚያቃጥለውን የምሥራቅ ነፋስም እንዳዘጋጀ ያስተውላል። አራቱንም በእጁ ሲጽፋቸው፣ የሚያድነውም የሚያስጨንቀውም ከአንድ እጅ መምጣቱ ማንም ሳይነግረው ይገለጥለታል። ይህ የሚሆነው እጅ ከዓይን ስለሚዘገይ ነው፤ የዚህ ሥራ ጥቅሙ መዘግየቱ ከሆነ ደግሞ፣ መዘግየቱን የሚያጠፋ ማንኛውም እቅድ፣ ስንት ምዕራፍ በስንት ወር የሚለውን ጨምሮ፣ ሥራውን ከነትርጉሙ ያፈርሰዋል። ከዮናስ በኋላ የፊልጵስዩስን መልእክት (አራት ምዕራፍ፣ 104 ቁጥር)፣ ከዚያም ከበረታችሁ 16 ምዕራፍ ያለውን የማርቆስን ወንጌል ልትይዙ ትችላላችሁ። በዚያን ጊዜ ባለቤትዎ ዘፍጥረትን ቢያነሡ ቤተሰቡ የሚመልሰውን ያውቃል።

ስለ አካሄዱ አንድ ነገር ልጨምር። የኦሪትን ጥቅልል የሚጽፉ አይሁድ ጸሐፍት እያንዳንዱን ቃል ከፊታቸው ካለው ቅጂ ተመልክተው፣ በአፋቸው ተናግረው ከዚያ ይጽፋሉ፤ በቃል አውቀዋለሁ ብሎ ከልብ እያወጡ መጻፍ አይፈቀድላቸውም። ጥቅልሉ 304,805 ፊደላት እንዳሉት ቆጥረው የያዙ ሰዎች ይህን ያህል መጠንቀቃቸው አያስደንቅም። እናንተም በዚህ መንገድ ብትሄዱ መልካም ነው፦ አንድ ሰው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሌላው በዝምታ ይስማ፤ ጸሐፊው ሐረጉን በአፉ ደግሞ ይጻፍ። ቁጥርን ሳይሆን ሰዓትን ወስኑ፤ ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ሁለት ቁጥር ብቻ ተጽፎ ቢሆንም ደብተሩ ይዘጋ።

ቀለም ቀንድ፦

ስለ ስሕተት የጠየቁትን ልመልስ፤ ከጥያቄዎቹ ሁሉ የሚያስጨንቅዎ እርሱ መሆኑ ከአጻጻፍዎ ይታያልና። የራእዩ ማስጠንቀቂያ ዐውቆ በትንቢቱ ቃል ላይ የሚጨምረውንና የሚያጐድለውን የሚመለከት ነው፤ ዓይኑ ደክሞ ቃል የዘለለ ጸሐፊን አይደለም። በ1947 እ.ኤ.አ. በሙት ባሕር አጠገብ ከዋሻ የተገኘው፣ ዕድሜው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የሆነው ትልቁ የኢሳይያስ ጥቅልል በመስመር መካከልና በኅዳግ ላይ የገቡ የተዘለሉ ቃላት አሉት። የእኛም ቁም ጸሐፊዎች የተሳሳተውን ፊደል ከብራናው ላይ በቢላ ይፍቃሉ፣ የተዘለለውንም ከመስመሩ በላይ በትንንሽ ፊደል ያገቡታል። ወረቀት አይፋቅምና እናንተ በተሳሳተው ቃል ላይ አንድ ቀጭን መስመር አስምራችሁ ትክክለኛውን ከላዩ ጻፉ። ማጥፊያ ፍሉድ አትቀቡ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ገጽ አትቅደዱ። የጻፈው ገጽ ሲቀደድ ያየ ልጅ በማግስቱ እጁ እየፈራ ነው የሚጽፈው።

ብዙው ስሕተት የሚመጣው ግን ከመቸኮል ይልቅ ከዓይን መዝለል ነው። መዝሙር 136ን (ሰብዓ ሊቃናት በሚባለው ጥንታዊ የግሪክ ትርጉም አቈጣጠር 135ን) ስትጽፉ ታዩታላችሁ፤ ሃያ ስድስቱም ቁጥሮች ስለ ምሕረቱ ዘላለማዊነት በሚናገር አንድ ሐረግ ስለሚያበቁ፣ ጸሐፊው ከደብተሩ ወደ መጽሐፉ ዓይኑን ሲመልስ በሚቀጥለው ሐረግ ላይ ያርፍና አንድ ሙሉ ቁጥር ሳያውቀው ይቀራል። በማቴዎስ ምዕራፍ 1 ላይ ያለው «ወለደ»ም እንዲሁ ትውልድ ያስዘልላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከሚጻፈው መስመር በታች ማስመሪያ ወይም የካርቶን ቁራጭ አኑሩ፣ ምዕራፉ ሲያልቅም ቁጥሮቹን ቁጠሩ።

አማትዎ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው፤ እንግዳ ሆነው ሳይሆን አራሚ ሆነው። ከመዝሙር ስትጽፉ የታተመውን ሳይሆን በእጅ የተጻፈውን፣ ከደብተሩ ላይ ያንብቡላቸው። መዝሙሩን በቃሉ የያዘ ሰው የጐደለ ቃል ጆሮውን ይጐረብጠዋል፤ እርሳቸው «ቆይ» ሲሉ ልጆቹ መጽሐፉን ይመልከቱ። ከፈለጉ ደግሞ እርሳቸው ይናገሩ፣ ልጆቹ ይጻፉ፤ በመጨረሻ ከመጽሐፉ ጋር ይተያያል። ባሮክ የጻፈው ከኤርምያስ አፍ እየሰማ ነበር (ኤርምያስ 36)፤ ንጉሡ ኢዮአቄም ክርታሱን በካራ እየቀደደ እሳት ውስጥ ሲጥለውም፣ በሌላ ክርታስ ላይ እንደገና ከነቢዩ አፍ ጻፈው። የሮሜን መልእክት በእጁ የጻፈው ጤርጥዮስም በምዕራፍ 16 ላይ ስሙን ጠቅሶ ሰላምታ ያቀርባል። ስለዚህ ተናጋሪውና ጸሐፊው ሁለት ሰው መሆናቸው ጥንትም የነበረ ነው።

ለትንሿ ልጅዎም ሥራ አላት። በብራና መጻሕፍት የምዕራፍ መነሻና ቅዱሳት ስሞች በቀይ ቀለም ይጻፋሉ። ጥቁሩን የሚጽፈው ሰው «እግዚአብሔር» የሚለው ስም ዘንድ ሲደርስ የሰባት ፊደል ቦታ ትቶ ይለፍ፤ ገጹ ሲያልቅ እርሷ በቀይ እስክሪብቶ ትሙላው። ሰባት ፊደል ለሰባት ዓመት ልጅ አይከብድም፤ ገጹም ያለ እርሷ አይፈጸምም።

ከመጀመራችሁ በፊት የምትገለብጡበትን እትም አንድ ብቻ አድርጉ፤ የእትሙን ዓመትም በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መዝግቡ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ በየእትሙ ይለያያሉና «መጽሐፉ እንደጻፈው» የሚል አንድ ደንብ ከሌለ ምሽቱ በክርክር ያልፋል። የመዝሙር ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በአንዱ 23፣ በሌላው 22 ነው። አጻጻፉን በተመለከተ፣ የግእዝ ዳዊት በአንድ ዓምድ፣ ስንኙ በስንኝ፣ እያንዳንዱ በየራሱ መስመር ይጻፋል። መስመሩ አልበቃ ሲል ጸሐፊው ፊደሉን ያሳንሳል ወይም የቀረውን ከጫፉ ላይ ወደ ላይ ያወጣዋል እንጂ ወደሚቀጥለው መስመር አያወርደውም። ለጸሎት የሚያነብ ሰው የት እንደሚያሳርፍ በዓይኑ ስለሚያይ ይህን አሠራር በደብተርም ብትከተሉት እወዳለሁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ብዙ የግእዝ መጻሕፍት በፍጻሜያቸው «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ፣ ለዘአንበቦ ወለዘተርጐሞ፣ ወለዘሰምዐ ቃላቲሁ» እያሉ ምሕረት ይለምናሉ፤ ለጻፈው፣ ላስጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጐመውና ቃሉን ለሰማው ማለት ነው። ዮናስን ስትጨርሱ የሁላችሁን ስም ከየሥራችሁ ጋር በዚህ ሥርዓት ብታሰፍሩ፣ የአማትዎ ስም ከጸሐፊዎቹ አንሶ አይታይም።

ደብተሬን ለእኔ፦

ከላይ የተሰጡትን ምክሮች ባደንቅም ስለ 14 ዓመቱ ልጅ ማንም በቂ ነገር ያልተናገረ ይመስለኛል። እኔ ያደግሁት ይህ ልማድ በነበረበት ቤት ነው፤ የቤተሰቡ ደብተር ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ ከዚያ ሌላ ግን አባቴ ለእያንዳንዳችን የራሳችንን ደብተር ሰጥቶን ነበር። የቤተሰቡን ሁሉም ያየዋል፤ የእኔን ግን ሳልፈቅድ ማንም አይከፍተውም። በእርሱ ላይ የፈለግሁትን መጽሐፍ መርጬ፣ በፈለግሁት ቀን፣ በፈለግሁት ጽሕፈት እጽፍ ነበር። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ በእግዚአብሔር ፊት የሚያስበውን ሁሉ በቤተሰቡ ጠረጴዛ ላይ ሊዘረጋው አይችልም፣ ሊጠየቅም አይገባም።

ስለዚህ ልጅዎን ምርጫ ይስጡት፤ ያንብብ ወይም ይስማ፣ ለመጻፍ ግን አይገደድ። የእጅ ጽሑፉን አያርሙበት፤ ሐዋርያው ጳውሎስ እንኳ በገላትያ 6 ላይ በገዛ እጁ በትልልቅ ፊደል እንደጻፈ ይናገራል እንጂ ስለ ውበቱ አልተጨነቀም። በገንዘብም ሆነ በስጦታ አያባብሉት። በተለይ ደግሞ፣ ይህን አደራ እላለሁ፣ ያጠፋ ቀን «ሂድና አንድ መዝሙር ጻፍ» ብለው አይቅጡት። ያ ከሆነ የፈራው ነገር እውነት ሆነ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚናገሩት ሁሉ ሰሚ አያገኝም።

የቁርኣን ተማሪ፦

አሰላሙ ዐለይኩም። እምነታችን ቢለያይም ነገሩ የምናውቀው ስለሆነ ጥቂት ልበል። በእኛ ዘንድ ልጆች አንቀጽ በሉሕ (በእንጨት ሰሌዳ) ላይ ጽፈው፣ ሸምድደው፣ ለመምህሩ ካሰሙ በኋላ አጥበው ሌላ ይጽፉበታል፤ የተጻፈው ከእንጨቱ የሚጠፋው ልብ ውስጥ ሲገባ ነው። በቤት ለሚጽፍ ሰው ደግሞ የተለመደው ከመጨረሻው ጁዝእ (የቁርኣን ክፍል)፣ ከሱራ (ምዕራፍ) 78 እስከ 114 ካሉት አጫጭር ሱራዎች መጀመር ነው፤ አራት አንቀጽ ብቻ ያለው ሱረቱል ኢኽላስ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። አጻጻፉ እንደሚነበበው ሳይሆን የዑሥማን ሙስሐፍ (በኸሊፋው ዑሥማን ስም የሚጠራው የቁርኣን ቅጂ) ሥርዓት ተብሎ እንደሚታወቀው ነው። ለምሳሌ «ሶላት» የሚለው ቃል በተለመደው ዐረብኛ አሊፍ በሚባለው ፊደል ሲጻፍ በሙስሐፍ ላይ ዋው በሚባለው ይጻፋል፤ ጸሐፊው «ይህ ይሻላል» ብሎ አያስተካክለውም። ከላይ «መጽሐፉ እንደጻፈው» የተባለውን ደንብ ስለዚህ በጣም እደግፈዋለሁ።

ከጥያቄው ውስጥ ያልተነሣ አንድ ጉዳይ አለ፤ የተበላሸ ወረቀት ምን ይሆናል? ልምምድ የተደረገበት፣ ቀለም የፈሰሰበት ወይም ያረጀ ወረቀት ቅዱስ ቃል ይዞ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲገባ ልጆች ካዩ፣ በቃል ያስተማራችኋቸው አክብሮት በአንድ ቀን ይፈርሳል። በእኛ ዘንድ እግር በማይረግጠው ንጹሕ ቦታ ይቀበራል ወይም በክብር ይቃጠላል። አይሁድም የእግዚአብሔር ስም ያለባቸውን ያረጁ ጽሑፎች አከማችተው ይቀብራሉ። እናንተም በእምነታችሁ ሥርዓት የሚሆነውን ከወዲሁ ወስናችሁ ለልጆቹ ንገሯቸው፤ እስከዚያው ለእርሱ ብቻ የተለየ ፖስታ ይኑራችሁ።

የሦስት ልጆች እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሶቹን ለባለቤቴ አንብቤለት በዮናስ ለመጀመር ተስማምተናል፤ ዘፍጥረትን ግን አልተወውም፣ «ለሌላ ጊዜ» ብሏል። አማቴ አራሚ እንደሚሆኑ ሲነገራቸው «መጀመሪያ የማን ንባብ ነው የሚታረመው?» ብለው ጠየቁ፤ በሌሎቹ ቀናት ዮናስን እየጻፍን በሳምንት አንድ ቀን መዝሙር እንዲሆን የወሰንነው በእርሳቸው ምክንያት ነው። ለትልቁ ልጄ የራሱን ደብተር ሰጥቼ «ትጽፍበታለህ ብዬ አልጠይቅህም» አልሁት። ከጥቂት ቀን በኋላ መጽሐፈ መክብብ ስንት ምዕራፍ እንዳለው ጠየቀኝ። አሥራ ሁለት ነው አልሁት፣ ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም።

የቀረኝ አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ነው። ይህ ደብተር ለልጆቻችን ልጆች እንዲተርፍ ብንፈልግ ምን ዓይነት ወረቀትና እስክሪብቶ እንጠቀም?

ቀለም ቀንድ፦

አሲድ የሌለው ተብሎ የተሸጠ ወረቀት ፈልጉ፤ ርካሹ ወረቀት በውስጡ ባለው አሲድ የተነሣ ከጊዜ በኋላ ይጠወልግና ሲነኩት ይሰባበራል። ደብተሩ በክር የተሰፋ ይሁን፤ በሙጫ ብቻ የተጣበቀው ገጹ ይረግፋል፣ የሽቦው ደግሞ ይዝጋል። እስክሪብቶውን በተመለከተ፣ ቀለሙ «ፒግመንት» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ምረጡ፤ ብርሃንና ውኃ ይችላል። ብዙዎቹ በቀለም ውበት የሚሸጡ እስክሪብቶዎች ግን ብርሃን ሲያገኙ ይደበዝዛሉ፤ ቀዩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቁሩ ቀድሞ ስለሚጠፋ ለትንሿ ልጅ የሚገዛውን እስክሪብቶ ከሁሉ በላይ ተጠንቅቃችሁ ምረጡት። የተቀደደ ገጽ በፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው እየቆየ ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል። ገጾቹን በፕላስቲክ ማሸግም አይመከርም፤ ደረቅና ብርሃን የማያገኘው ቦታ ይበቃል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሞክሩት። በቁራጭ ወረቀት ላይ በሁለቱም ቀለም ጥቂት ቃላት ጽፋችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩና በማግስቱ የውኃ ጠብታ አድርጉበት፤ ከፈሰሰ ሌላ ፈልጉ። ወረቀቱን ገልብጣችሁም ጀርባውን ተመልከቱ፤ ቀለሙ አልፎ የሚታይ ከሆነ በአንድ ወገን ብቻ መጻፍ ይኖርባችኋል፤ ስለዚህ ደብተሩን ስትገዙ የገጹን ብዛት በዚያው ልክ አስቡ።